ፍርሃት በየጁ፦ የተቃውሞ ድምፅ የሳሳበት ታሪክ

ፖለቲካዊ ፍርሃት የየጁ ሕዝብ ተፈጥሯዊ ጠባይ ሆኖ አያውቅም። በየዘመኑ የተነሡ መንግሥታት በአዋጅና በመዋቅር ደረጃ በደረጃ የገነቡት ነው። ሰው ያየውን እንዳይናገር፣ የሚያውቀውን እንዳይመሰክር፣ የሞተበትን እንኳ እንዳያለቅስ ያደረጉት ነገሮች መነሻ ቀን አላቸው፤ አንዳንዶቹም የአዋጅ ቁጥር አላቸው። ታሪኩ የመላው ኢትዮጵያ ነው። ይሁንና ከወልድያ ተነሥቶ በመርሳና በውርጌሳ በኩል ወደ ደሴ የሚሄደውን መንገድ ተከትሎ የሰፈረው ሕዝብ ረሃቡንም፣ አብዮቱንም፣ ጦርነቱንም በደጁ ስላየ፣ ፍርሃት የአንድን አገር ድፍረት እንዴት እንደሚበላ እዚህ አካባቢ አጥርቶ መከታተል ይቻላል።

ውርጌሳ በሰሜን ወሎ ዞን በሐብሩ ወረዳ፣ ከወረዳው ዋና ከተማ ከመርሳ በስተ ደቡብ፣ ወደ ውጫሌና ወደ አምባሰል በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በንጉሡ ዘመን አካባቢው በወሎ ጠቅላይ ግዛት የየጁ አውራጃ ሲሆን የአውራጃው ከተማ ወልድያ ነበረች። ጤፍና ማሽላ የሚዘራበት፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ተጋብቶና ተዛምዶ የሚኖርበት አገር ነው። በሌላው አገር እድር የሚባለው የቀብርና የመረዳጃ ማኅበር በወሎ ቅሬ ይባላል። በብዙ ቦታ የሁለቱም ሃይማኖት ሰዎች በአንድ ቅሬ ይተሳሰራሉ፤ ሰው ሲሞት ቅሬተኛው ሥራውን ጥሎ ይወጣል፣ ይቀብራል፣ ሐዘንተኛውን ያጽናናል። አውራ ጎዳናው ደግሞ ጣልያን በወረራው ዘመን የሠራው ነው፤ እህልም፣ ወታደርም፣ ረሃብተኛም፣ ወሬም በእርሱ ይተላለፋል። መንግሥት የመጣባቸውና የሄደባቸው ዘመናት ሁሉ በዚህ ማኅበርና በዚህ መንገድ ላይ አሻራቸውን ትተዋል።

በድሮው ሥርዓት ገዢን ፊት ለፊት መክሰስ የማይታሰብ እንደነበር «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት ያስረዳል። ሆኖም ለተበደለ ሰው የተከፈቱ በሮች ነበሩ። ንጉሡ ወይም የአገሩ ራስ ሲያልፍ «አቤት!» ብሎ መጮህ፣ ሽማግሌ መላክ፣ ከዳኛ ወደ ዳኛ ይግባኝ ማለት፣ ይህ ሁሉ ካልሆነም ጫካ ገብቶ መሸፈት ይቻል ነበር። መሸፈት ራሱ እንደ ወንጀል ብቻ አይታይም፤ ብዙ ጊዜ በሽማግሌ ታርቆ መመለስን ያስከትል ነበርና። መኳንንቱም የሕዝቡ ልብ ወዴት እንዳዘነበለ ለማወቅ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ ነበር። ይህን የሚጠይቅ ገዢ ደግ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን ከታች የሚነሣው ድምፅ ለራሱ ለገዢው እንደሚጠቅመው ያውቃል።

ሕዝብን ሰብስቦ ማናገርም የቆየ ልማድ ነው። ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሲሰወር አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ያየውንና የሰማውን እስኪያወጣ ድረስ አይበተንም፤ የቀረ ይቀጣል። ከባድ ሥርዓት ነው፣ በሐሰት የተወነጀለበትም አይጠፋም። ቢሆንም የሚፈለገው ነገር ውስን ነበር፦ ወንጀሉ የታወቀ፣ ተበዳዩም የታወቀ ነው፣ ነገሩን የሚመሩትም የአገሩ ሽማግሎች ናቸው። ይህን ልብ ማለት የሚያስፈልገው ከዘመናት በኋላ የተጠሩ ሌሎች ስብሰባዎች የእርሱን ቅርጽ ይዘው ፍጹም ሌላ ሥራ ስለሠሩ ነው።

ከጣልያን መውጣት በኋላ የተመለሰው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ግብርን፣ ዳኝነትንና ፖሊስን ወደ ማእከል ሲሰበስብ ገበሬው በመሬቱ በኩል ተነካ። የየጁ ገበሬ መሬቱ ከእጁ እየወጣ ለሌላ ሲሰጥ አቤቱታውን አቀረበ፤ የሚሰማው ግን አላገኘም። በ1940 ዓ.ም. ገደማ በቀኛዝማች ኡንዳ መሐመድ መሪነት ተነሣ፤ መንግሥትም ዐመፁን በኃይል ደመሰሰው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1935 ዓ.ም. በትግራይ የተቀሰቀሰው የወያኔ ዐመፅ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ጭምር ተሰልፈውበት ተሰብሯል። የጎጃም ገበሬ ግን በ1960 ዓ.ም. በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ባመፀ ጊዜ መንግሥቱ ወደ ኋላ ለማፈግፈግ ተገዷል። ከነዚህ ዐመፆች አብዛኞቹ ተሸንፈዋል፤ የተሸነፈው ገበሬ ግን ፈርቶ ዝም ያለ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ አቤት ብሏል፤ የሚሰማው ሲያጣ ተነሥቷል። በዚያ ዘመን ፍርሃቱ አስቀድሞ ሥር የሰደደው በገበሬው ጎጆ ሳይሆን በሹሙ ቢሮ ውስጥ ነበር።

የ1958 ዓ.ም. የወረኢሉ ረሃብ ለዚህ ማስረጃ ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ረሃብ ባደረጉት ጥናት እንዳሰፈሩት፣ የአካባቢው ፖሊስ ረሃቡን እንዳየ ለአገር ግዛት ሚኒስቴር አስታወቀ። ወሬው ንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ እስኪደርስ ግን 302 ቀን ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስቴሩ አንድ ነገር እንዲያደርግ ሲያዝዙም ሚኒስቴሩ ያደረገው የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ይላክልኝ ብሎ ወደ ወሎ መጻፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ጥቂት እርዳታ የተፈቀደው። እነዚያ 302 ቀናት የመንገድ ርቀት ውጤት አይደሉም፤ ስልክም መኪናም ነበረ። ክፉ ወሬ ይዞ ወደ ላይ መውጣት ሹመት ያሳጣል ብሎ የሚፈራ ሰው በየደረጃው ስለተቀመጠ ነው።

በ1965 ዓ.ም. ያው ነገር በብዙ እጥፍ ተደገመ። በሰሜንና በምሥራቅ ወሎ ዝናቡ ሲቀር መጀመሪያ ከብቱ፣ ቀጥሎ ጭሰኛው፣ በቆላው በኩልም የአፋር አርብቶ አደር አለቀ። በዚያው ዓመት የካቲትና መጋቢት ላይ የተራቡ ሰዎች በአውራ ጎዳናው ዳር ተሰልፈው አውቶቡስና መኪና እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር። ስለዚህ ረሃቡ የተደበቀ አልነበረም፤ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚያልፍ ሁሉ በዓይኑ ያየው ነገር ነው። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የታወቀ ጥናት በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት ያን ያህል እንዳልቀነሰ፣ የደሴ ገበያ ዋጋም እጅግ እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ ሌላ ቦታ ይጫን እንደነበር አሳይቷል። የተራበው ሕዝብ የሚገዛበት ገንዘብ አጥቶ ቆሞ ሳለ የእህሉ መኪና በፊቱ ያልፍ ነበር ማለት ነው። የሞተው ሰው ቁጥር በተለያዩ ግምቶች ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል።

መንገድ ዳር የተሰለፈን ረሃብተኛ ማን ነው ያላየው? ሹሙ አይቷል፤ ነገር ግን በግዛቴ ረሃብ አለ ብሎ መጻፍ በራሱ አስተዳደር ላይ መመስከር ነው። ጋዜጠኛው ሰምቷል፤ ሬዲዮውና ጋዜጣው ግን የመንግሥት ነበሩ፣ በሳንሱርም ያልፋሉ። ነጋዴውና ሾፌሩ በየቀኑ አይተዋል፤ ከቤታቸው ውጭ የሚነግሩት አልነበራቸውም። የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሠራተኞች ሳይቀሩ መንግሥቱን ላለማስቀየም አንደበታቸውን ቆጥበዋል። ዝምታውን የሰበሩት ጥቂት የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ናቸው። መምህራኑ ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ ሥዕሎቹም በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለሕዝብ ታዩ። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. ላይ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያዘጋጀው ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲታይ ነገሩ ከእጅ ወጣ። ሴን ከጊዜ በኋላ ነፃ ጋዜጣና ተወዳዳሪ ፓርቲ ባለበት አገር ትልቅ ረሃብ አይደርስም ወደሚለው ድምዳሜ ሲያመራ ከያዛቸው አብነቶች አንዱ ይኸው የወሎ እልቂት ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጊዜ አጭር ቢሆንም በአገሪቱ ታሪክ ድምፅ የተከፈተበት ነው። ከየካቲት 1966 ዓ.ም. ጀምሮ መምህራን፣ ታክሲ ነጂዎች፣ ወታደሮች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ካህናት ሳይቀሩ ጥያቄያቸውን ይዘው ወጡ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ አንግበው ታላቅ ሰልፍ ሲያደርጉ ክርስቲያኖችም ተቀላቅለዋቸዋል። የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ጋር ተቀናብሮ በአዲስ ዓመት ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ተራው ሰው መንግሥት ሊወቀስ፣ ሊወርድም እንደሚችል በዓይኑ ያየበት ወቅት ነበር። ያ ስሜት ሁለት ዓመት ያህል እንኳ ሳይቆይ ተቀጨ።

ሥልጣኑን የያዘው የወታደሮች ኮሚቴ፣ ደርግ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የቀድሞ ባለሥልጣናትን ጨምሮ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ሲገድል አቅጣጫው ታይቶ ነበር። ይሁን እንጂ ፍርሃትን ወደ እያንዳንዱ ቤት ያስገባው ጥይቱ ብቻ አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኛውን ነፃ አወጣ፤ በየጁም ሆነ በሌላው ወሎ ይህ እውነተኛ ደስታ ነበር፣ ሊካድም አይገባውም። በዚያው አዋጅ የተቋቋመው የገበሬ ማኅበር ግን መሬት ሰጪም ነሺም ሆነ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወርሶ የከተማውን ሰው በቀበሌ አደራጀ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኪራይ የሚከፈለው፣ ስኳርና ዘይት በራሽን የሚታደለው፣ መታወቂያ የሚወጣው፣ ራቅ ወዳለ ቦታ ለመሄድ መሸኛ የሚጻፈው በቀበሌ በኩል ሆነ። ቀበሌው የፍርድ ሸንጎም፣ አብዮት ጥበቃ የሚባል የታጠቀ ጓድም፣ የራሱ እስር ቤትም ነበረው።

ከዚህ በፊት የነበረው ሹም የሚገዛው ከሩቅ ነበር፤ ግብር ሰብስቦ ይሄዳል። አዲሱ ሹም የጎረቤት ልጅ ነው። ማን ማንን እንደሚጎበኝ፣ የማን ልጅ ማታ እንደሚያመሽ፣ ማን ምን እንደሚያነብ ያውቃል። የሚያኮርፍበት ሰው ካለ በእጁ መሬትም፣ ቤትም፣ ስኳርም አለው። ገበሬው በ1940 ዓ.ም. ሲያምፅ ቢሸነፍ እንኳ የሚመለስበት ጎጆ ነበረው፤ የ1969 ዓ.ም. ሰው ግን ቃል ሳይወጣው ራቱን ሊያጣ ይችል ነበር። ድፍረት የሚቆምበት መሬት ከእግር ሥር የተወሰደው በዚህ መንገድ ነው፣ ከቀይ ሽብር በፊት።

መስከረም 13 ቀን 1969 ዓ.ም. በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ። ደርግን የሚቃወመው የግራ ፓርቲ ኢሕአፓ በከተሞች የቀበሌ ሹማምንትንና በዚያ ጊዜ ከደርግ ጋር የቆመውን የመኢሶንን ሰዎች ይገድል ነበር፤ ደርግ ይህን ነጭ ሽብር ብሎ ሰየመው። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርግ ሊቀ መንበር የሆነው መንግሥቱ በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን ሰብሮ የጠላት ደም እንዲህ ይፈስሳል ሲል ፎከረ። ከዚያ ቀደም ሲል በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ተካሂዶ ነበር። ሚያዝያ 21 ሌሊት፣ ከሜይ ዴይ ቀደም ብሎ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች ተገደሉ። «ነፃ እርምጃ» የሚባለው ፈቃድ ማንኛውንም የቀበሌ ታጣቂ ያለ ዳኛ ገዳይ አደረገው። ደሴ የወሎ ሁሉ የትምህርት ማእከል ነበረችና እልቂቱ ከበረታባቸው ከተሞች አንዷ ሆነች። በወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ዙሪያ የተነሣው የተማሪ እንቅስቃሴ፣ ቀደም ሲል የገበሬውን መሬት ጥያቄ ያነሣው፣ በዚህ ጊዜ ተመነጠረ።

የማጋለጥ ስብሰባዎች የተጠሩት በዚሁ ወቅት ነው። የቀበሌው ሰው፣ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ፣ የትምህርት ቤቱ ተማሪ ተሰብስቦ ራሱን እንዲያጋልጥ ይታዘዛል፤ ቀጥሎም ሌላውን እንዲያጋልጥ። መልኩ ከአውጫጭኝ ጋር ይመሳሰላል፤ ሁሉም ይገኛል፣ የቀረ ይጠረጠራል፣ ካልተናገሩ አይወጣም። ነገር ግን እዚህ የታወቀ ወንጀል የለም፤ ወንጀሉ የሚፈጠረው ከተሰብሳቢው አፍ ነው። የቀረበ ተበዳይ የለም። ሽማግሌ በመካከል ገብቶ ምሕረት አይለምንም። ጓደኛውን ያልጠቆመ ሰው ራሱ ተጠቋሚ ይሆናል። ብዙዎች በሕይወት የተረፉት አንድ ስም አውጥተው ነው፤ ያንን ስም ከተናገሩ በኋላም እንደ ቀድሞው ሰው ፊት ቀና ብለው ሊቆሙ አልቻሉም። የሽብሩ ትልቅ ውጤት እዚህ ላይ ነው፦ የተገደለው ሞተ፣ የተረፈው ደግሞ ለዘላለም ሊያወራው የማይፈልገው ነገር ተሸከመ።

ሬሳ መንገድ ላይ ይጣል ነበር፤ አንዳንዱ ደረቱ ላይ መፈክር ተለጥፎበት። ቤተሰብ አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቀበት ጊዜ አለ፤ ብዙውን ጊዜም ማልቀስ፣ ድንኳን መትከል፣ ሐዘን መቀመጥ ተከልክሏል። በአገሩ ልማድ ለጠላት እንኳ የማይከለከል ነገር ነው። ቅሬ የሚባለው ማኅበር የቆመው ሰው ብቻውን እንዳይቀበር፣ ሐዘንተኛም ብቻውን እንዳያድር ነው፤ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ዘንድ ቀብር የሚቀር ሰው ከማኅበራዊ ኑሮ የወጣ ያህል ይታያል። ሽብሩ ይህን ግዴታ ሲያስጥል የሰበረው የአንድ ቤተሰብን ልብ ብቻ አልነበረም። ጎረቤት ለጎረቤት ያለውን የመጨረሻ እዳ መክፈል አቃተው። ለጎረቤቱ ልጅ ሬሳ መውጣት የፈራ ሰው ለሌላ ነገር፣ ለደመወዝ ወይም ለመሬት ወይም ለፍትሕ፣ አብሮት ይቆማል ብሎ ማን ይጠብቃል?

ከሽብሩ የተረፉ ወላጆች ለልጆቻቸው ያወረሱት ምክር «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» የሚል ነበር። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ልጅ የቀበረች እናት ሁለተኛውን ልጇን እንዲህ ብትል ማንም ሊወቅሳት አይችልም። በሺህ ቤቶች በአንድ ጊዜ ሲነገር ግን አገርን ያለ ተናጋሪ አስቀረ። የተማረው ሰው በሙያው ብቻ መደበቅን ለመደ፤ በስብሰባ ላይ እጅ ማውጣት ማጨብጨብ ብቻ ሆነ፤ እውነተኛ ሐሳብ በር ተዘግቶ፣ ሬዲዮ ከፍ ተደርጎ፣ ለታመነ ሰው ብቻ ይነገር ጀመር። የታመነው ሰው ቁጥርም እያነሰ ሄደ። ደራሲ በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» የተባለውን ልብ ወለድ ካሳተመ በኋላ በቀጣዩ ዓመት የደረሰበት ሳይታወቅ ጠፋ፤ ለጸሐፊዎች ሌላ ማስጠንቀቂያ አላስፈለጋቸውም።

መንግሥቱም የዚህ ዝምታ ሰለባ መሆኑ አልቀረም። በ1976 ዓ.ም. ወሎና ትግራይ እንደገና ሲራቡ ደርግ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት ለማክበር ይዘጋጅ ነበር። ረሃብ አለ ማለት በዓሉን ማጉደፍ ሆኖ ታየ። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. በዓሉ በታላቅ ድምቀት ተከበረ፤ ጥቅምት 13 ቀን ቢቢሲ ከቆረም የላከው ሥዕል ዓለምን አናወጠ። የንጉሡን መንግሥት በወሎ ረሃብ ወቅሶ ሥልጣን የያዘ መንግሥት በዚያው በወሎ፣ በዚያው መንገድ፣ ያንኑ ስሕተት ደገመ። ከረሃቡ ቀጥሎ የመጣው ሰፈራ 600 ሺህ ያህል ሰዎችን ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጎጃም አጋዘ፤ ትልቁ ድርሻ የወሎ ሰው ነበር። በፈቃዱ የሄደ አለ። ነገር ግን ለእርዳታ እህል የተሰበሰበ ሰው በኃይል ተጭኖ የተወሰደበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ የተራበ ገበሬ ከእርዳታ ጣቢያ የሚሸሽበት ሁኔታ ተፈጠረ። ሰው ከረሃብ ይልቅ መንግሥትን መፍራት የጀመረበት ዘመን ነው።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የፍርሃቱ ሥራ ለፍርድ ቀረበ። ልዩ ዓቃቤ ሕግ ተቋቁሞ በ5,198 ሰዎች ላይ ክስ መሠረተ፤ የዋናዎቹ ባለሥልጣናት ችሎት ታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተከፍቶ፣ ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባለ። የግል ጋዜጦች ወጡ፣ ፓርቲዎች ተመዘገቡ። ሆኖም ቀበሌው እንዳለ ቆየ፤ መሬትም በመንግሥት እጅ እንዳለ ቀጠለ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በጎጃምና በሰሜን ሸዋ በተካሄደው የመሬት ድልደላ በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ያገለገሉ ሰዎች «ቢሮክራት» ተብለው መሬታቸው ሲቀነስባቸው፣ መሬት አሁንም የታማኝነት መለኪያ እንደሆነ ገበሬው ሁሉ ተረዳ።

የ1997 ዓ.ም. ምርጫ ሕዝቡ ሳይፈራ ድምፅ የሰጠበት ሲሆን፣ ውጤቱን ተከትሎ በተነሣው ግርግር 193 ሲቪሎች መገደላቸውን መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አረጋግጧል። ከዚያ በኋላ ደርግን ተክቶ ይገዛ የነበረው ኢሕአዴግ የገጠሩን መዋቅር አጠበቀ። ልማት ሠራዊትና አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት አምስት ቤተሰብ ያህል በአንድ መሪ ሥር አሰለፈ፤ ሰዉ ጥርነፋ ይለዋል። በጎ ሥራም ሠርቷል፤ የእናቶች ጤና፣ የተፋሰስ ሥራ፣ የመስኖ ዝርጋታ በእርሱ በኩል ተካሂደዋል። ነገር ግን ማዳበሪያው፣ ብድሩ፣ ሴፍቲ ኔቱ በዚያው ሰው እጅ ማለፉ የ1960ዎቹን የቀበሌ ሹም መልሶ አመጣ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ እርዳታና የእርሻ ግብዓት ተቃዋሚን ለመቅጣት ይውል እንደነበር አስፍሯል። በ2001 ዓ.ም. የወጡት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 621ና የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 በከተማ ያለውን ተናጋሪ አሸሹ፤ በሁለተኛው አዋጅ ጋዜጠኞች ለረጅም ዓመታት ታሰሩ። በወሎም በገርባ በ2005 ዓ.ም. «ድምፃችን ይሰማ» ብለው በወጡ ሙስሊሞች ላይ በተወሰደው እርምጃ ሰዎች ሞተዋል።

ግንቦት 2007 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ያዙ። ስድስት ወር ሳይሞላ ኦሮሚያ በተቃውሞ ተነሣ፤ ሐምሌ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. ጎንደር፣ ነሐሴ 1 ባሕር ዳር ተከተሉ። ፍርሃት የሰፈነበት አገር ውስጥ ገዢውም ተገዢውም የእውነተኛውን ስሜት ልክ አያውቁትም፤ እያንዳንዱ ሰው የማይስማማው እርሱ ብቻ ይመስለዋል፤ አንድ ቀን ጎረቤቱም እንደ እርሱ መሆኑን ሲያይ ዝምታው በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። በምሥራቅ አውሮፓ በ1989 እ.ኤ.አ. የሆነው ይኸው ነበር።

ወልድያ የዚህ አካል ሆነች። ጥር 12 ቀን 2010 ዓ.ም. በቃና ዘገሊላ በዓል ታቦት በሚሸኝበት ሰዓት ወጣቶች የተቃውሞ ዜማ ሲያሰሙ የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት ሰባት ሰዎች መገደላቸውን ገልጾ ድርጊቱ እጅግ እንዳሳሰበው አስታወቀ። ተቃውሞው በቀናት ውስጥ ወደ ቆቦና ወደ መርሳ ተዛመተ፤ እዚያም ሰው ሞተ። የወጡት ወጣቶች አብዛኞቹ ከደርግ ውድቀት በኋላ የተወለዱ ናቸው። ቦታውም በአጋጣሚ የተመረጠ አልነበረም፦ ፓርቲና ሰልፍ በተዘጋበት አገር ሕዝብ ያለ ፈቃድ በብዛት የሚገናኘው በታቦት፣ በመስጊድና በቀብር ነው። ጥርነፋው እነዚህን ሊዘጋ አልቻለም። የካቲት 8 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ መልቀቂያ አስገቡ፤ እስረኞች ተፈቱ፣ የታገዱ ድረ ገጾች ተከፈቱ፣ አዋጅ 621 እና 652 በሌሎች ተተኩ።

ያ መከፈት እንደ 1966ቱ ሁሉ ረጅም አልነበረም። በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ወደ ወሎ ዘልቆ፣ ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሕወሓት ኃይሎች ወልድያንና መርሳን ሲይዙ ውርጌሳ የጦር ግንባር ሆነች፤ ነዋሪዎች ወደ ሐይቅና ወደ ደሴ ተሰደዱ። ቀርተው የነበሩት ስልክና መብራት በተቋረጠበት ሁኔታ ለአራት ወር ያህል በያዛቸው ኃይል ሥር ኖሩ። በዚያ ጊዜ የደረሰውን ግድያ፣ መደፈርና ዝርፊያ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና ሌሎች ድርጅቶች መዝግበዋል። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. በታወጀው አስቸኳይ ጊዜ ደግሞ በርካታ የትግራይ ተወላጆች በማንነታቸው ተጠርጥረው በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ታሰሩ። ግንባር በሚለዋወጥበት አገር ዛሬ ለአንዱ የተናገሩት ቃል ነገ በሌላው ዘንድ ክስ ስለሚሆን፣ ለአስተዋይ ሰው ዝምታ ብቸኛው መሸሸጊያ ይሆናል፤ ለዓመታት ከተገነባው ፍርሃት ላይ የተጨመረው ይህ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የክልሉ ልዩ ኃይል እንዲፈርስ ሲወሰን በቆቦና በወልድያ ተቃውሞ ተነሣ። በመንግሥትና ፋኖ በሚባሉት የአማራ ታጣቂዎች መካከል ውጊያው ሲሰፋ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ አንድ ጊዜ ተራዝሞ 10 ወር ዘለቀ። የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለብዙ ወራት ተዘጋ። በዚህ ጦርነት መካከል ያለ ገበሬ፣ መምህር ወይም የጤና ባለሙያ ለአንዱ ወገን መረጃ ሰጥቷል በሚል በሌላው ይጠረጠራል፤ ሁለቱንም የሚፈራበት ምክንያት አለው። አዋጁ ካለፈ በኋላም ከመስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የጅምላ እስር መካሄዱን አምነስቲ ኢንተርናሽናል አስታውቋል። ከታሰሩት መካከል ዳኞች፣ ዓቃብያነ ሕግና የዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩበት። በ1940 ዓ.ም. የየጁ ገበሬ አቤቱታውን የሚሰማው አጣ፤ በ1965 ዓ.ም. ሹሙ ያየውን መጻፍ ፈራ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ እስሩ አቤቱታ የሚቀበለውን ዳኛና ረሃቡን ፎቶ ያነሣውን ዓይነት መምህር ደረሰ።